ስኳር የተዉ ሰዎች

ስኳር የተወ ሰው መለያ ምልክቱ ሳይጠየቅ መናገሩ ነው። ሻይ ሲቀርብለት የስኳሩን ዕቃ በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርግና «እኔ እንኳን ነጭ ነገር ካቆምኩ ቆየሁ» ይላል። ሰሚው በአድናቆት ራሱን እስኪነቀንቅ ይጠብቃል። ከዚያ ከቦርሳው ትንሽ የማር ብልቃጥ ትወጣለች። አንድ ማንኪያ፤ ሁለት ማንኪያ፤ ሦስተኛውን ደግሞ «የተፈጥሮ ነገር ምን ይጎዳል?» እያለ ያንቆረቁረዋል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት አበው ይህን ሰው ስላላዩት ነው። የእርሱ ጉልቻ በተለዋወጠ ቁጥር ሻዩ እየጣፈጠ ሄዷል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 50 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው በዚያው ማንኪያ የተሰፈረ ማር 60ን ያልፋል፤ ማር ከባድ ነውና። «ማር ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ጥቂቱ ይበቃል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ እውነትም ነው። ብቻ ይህን የሚከራከር ሰው ማንኪያውን ሲያሳንስ እስካሁን አላየሁም። ከማር ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። ቫይታሚንና ማዕድን አለው ይባላል፤ አዎ አለው፤ ነገር ግን ከዚያ ለመጠቀም የሚያስፈልገው የማር መጠን ሌላ ሕመም ይዞ ይመጣል።

ንቢቱም ብትሆን እንደሚወራላት የዋህ አይደለችም። የአበባውን ወለላ ትቀስማለች፤ በራሷ ኢንዛይም ሱክሮሱን፣ ማለትም ተራውን ስኳር፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ቀለል ያሉ ስኳሮች ትከፍለዋለች፤ ቀፎ ውስጥ በክንፏ እያራገበች ውኃውን ታተናለች፤ በመጨረሻም በሰም ታሽገዋለች። ማቀነባበር፣ ማትነን፣ ማሸግ! ፋብሪካ ሲያደርገው ነውር፣ ንብ ስታደርገው በረከት።

የቡናማ ስኳር ወዳጆችን ግን ከማሾፍ ይልቅ ማዘን ይሻላል። በገበያ ካለው ብዙው፣ ነጭ ከሆነ በኋላ ጥቂት ሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ሲጣራ የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ፣ ተመልሶ የተቀባ ነው። አጋቬ ከሚባል ተክል የሚሠራውን ሽሮፕ የያዙት ደግሞ «በደም ስኳር መለኪያ ላይ እምብዛም አይታይም» ብለው ይኩራራሉ። ምክንያቱ በፍሩክቶስ መሞላቱ ነው፤ ፍሩክቶስ ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን የሚጭነው በጉበት ላይ ነው። ጉበት መለኪያ ስለሌለው ቅሬታውን የሚሰማለት የለም።

ስቴቪያ ጨዋ ነው ልበል። ጓራኒ የሚባሉት የፓራጓይ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር ከስኳር 200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል፤ ካሎሪው ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ሆኖም በፓኬት የሚሸጠው አብዛኛው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? የተጣራ ነጭ ዱቄት! ከነጭ ዱቄት ሸሽቶ በነጭ ዱቄት መጠለል። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን አትጠቀሙ ሲል ስቴቪያንም አብሮ ጠርቶታል።

ይኸው ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማር፣ ሽሮፕና የፍራፍሬ ጭማቂ ከስኳር ጋር በአንድ መዝገብ ሰፍረዋል። ከቀን ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች፤ ይህኛው ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሙሉ ፍራፍሬ ከመዝገቡ ውጭ ነው፤ ስለዚህ እኔ የማከብረው ተምር የሚያኝከውን ነው። ተምሩም ቢሆን «አሰር አለው» እየተባለ ተፈጭቶ፣ በማር ተለውሶ «ጤናማ ኬክ» ይሆናል። ጤናማ ስለሆነም ሁሉም ሁለተኛ ቁራሽ ያነሳል።

እንዲህ ባለ ኬክ ዙሪያ ጨዋታው ደርቶ እያንዳንዱ ብልቃጡን ሲያወድስ፣ ጥግ ላይ ሻያቸውን ባዶውን የሚጠጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ማንኪያውን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ እያሉ ነው የተዉት።

«እርስዎስ ስኳሩን በምን ተኩት?» አለቻቸው የኬኩ ባለቤት።

«በምንም» አሉ።

ስልኳን አወጣች። «የት ይሸጣል?»