አፈራችሁን ከአጥራችሁ አታስወጡ

ወገኖቼ፣ ዝናብ ዘንቦ ቱቦ በተደፈነ ቁጥር ማዘጋጃ ቤቱን እንራገማለን። መንገዱ ጭቃ ሲለብስ «ጠያቂ የለም ወይ?» እንላለን። ቦዩን የሞላው ደለል ግን ከሰማይ አልወረደም። ከየግንባታችን ነው የወጣው።

እስቲ የግንባታ ፈቃዳችሁን አውጡና አንብቡት። በብዙ ከተሞች ከዲዛይኑ ጋር የአፈር መከላከያ ዕቅድ አብሮ ይጠየቃል። ደለል የሚያግደው ጨርቅ የት እንደሚተከል፣ ጎርፉ የት እንደሚጠራቀም፣ መኪና በየት በኩል እንደሚገባና እንደሚወጣ ይሳላል። ባለቤቱም አምኖ ይፈርማል። ከዚያ ዕቅዱ ፋይል ውስጥ ይተኛል፤ ኤክስካቫተሩ ይገባና ግቢውን ባንዴ ልጭት ያደርገዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ቤቱ የሚያርፈው አንድ ጥግ ላይ ሆኖ ሳለ መሬቱን በሙሉ ማራቆት ምን የሚሉት ነው? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው አፈር ከእርሻ መሬት ከሚታጠበው ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከደን ከሚታጠበው ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይበልጣል። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት የሚመታው በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ እየተወረወረ ነው። ሣርና ቅጠል ካለ ምቱን እነሱ ይቀበሉታል። ከሌለ አፈሩ ይፈረካከሳል፣ ጎርፉም ጠራርጎት ይሄዳል። ለዚህ ነው «የማትሠሩበትን ቦታ አትንኩ» የሚለው ደንብ ከሁሉም ርካሽ የሚሆነው። አለመቆፈር ሳንቲም አያስወጣም። እኛ ግን ቀድመን የምንጥሰው እሱኑ ነው።

ጨርቁን የተከላችሁም ብትሆኑ ቶሎ አትኩራሩ። የጨርቁ የታችኛው ጠርዝ 15 ሴንቲሜትር ያህል ተቀብሮ አፈሩ በላዩ መጠቅጠቅ አለበት። ብዙ ቦታ ግን እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ነው የሚታየው። ጎርፉ በሥሩ ሹልክ ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ጨርቅ ለተቆጣጣሪ ዓይን የተሰቀለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ላይ ይገትረዋል፤ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከነችካሉ ይዞት ይሄዳል። በትክክል የተተከለውም ቢሆን ከኋላው የተጠራቀመው ደለል የቁመቱን ግማሽ ሳይደርስ መዛቅ አለበት። ማን ይዝቀው? ፎርማኑ ሠራተኛውን ይላል፣ ሠራተኛው ፎርማኑን።

የመኪና መውጫውም ያው ነው። ደንቡ በጠጠር ይደልደል ይላል፤ ጭቃው ከጎማው ላይ እዚያው እንዲራገፍ። ጠጠሩ ይቀርና ገልባጩ ጭቃውን አስፋልት ላይ ያነጥፈዋል። ከዚያ አንዱ ትጉህ በውሃ ጎማ እየረጨ አስፋልቱን ያጥባል! ይሄ ጽዳት አይደለም፤ ጭቃውን ራሳችን ቱቦ ውስጥ መክተት ነው። በአካፋ ዝቃችሁ፣ በመጥረጊያ ጠርጋችሁ ወደ ግቢያችሁ መልሱት።

«ችግር የለም፣ ታች የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አለን» የምትሉም አላችሁ። አሸዋ ከሆነ ቶሎ ይዘቅጥላችኋል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ለቀናት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ጨርቅም በቀላሉ አይዘውም። እሱን ማስቀረት የሚቻለው ገና ከቦታው ሳይነሳ፣ በገለባ ወይም በሣር ሲሸፈን ነው። የተቆለለ አፈር ካላችሁ ሸራ አልብሱት።

ገንዘብ አልቆባችሁ ሥራው ከቆመ ደግሞ በሩን ቆልፎ መሄድ አይበቃም። በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ሥራው ለ14 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆም ከሆነ የተራቆተውን መሬት መሸፈን ወዲያውኑ መጀመር ግዴታ ነው። እናንተም የከተማችሁ ደንብ ስንት ቀን እንደሚል ጠይቁ። «የኔ እኮ ትንሽ ግቢ ናት» አትበሉ፤ ቱቦውን የሚደፍነው የትንንሽ ግቢዎች ድምር ነው።

ከኮንትራክተር ጋር ስትዋዋሉም ጨርቁን፣ ጠጠሩን፣ ዛቂውን በየስሙ ዋጋ አውጡለት። «እሱ ያውቃል» ብላችሁ አትለፉት። ጎረቤቶችም ዝም አትበሉ። መጀመሪያ ባለቤቱን በደንብ አናግሩት። አልሰማ ካለ ለማዘጋጃ ቤቱ አመልክቱ። ምቀኛ ቢላችሁ ይበላችሁ፤ ደለሉ የሚተኛው እናንተ ደጅ ነው።