ከ“ወላጅ አምጣ” በፊት

ሁለት ልጆች በእረፍት ሰዓት ይደባደባሉ። ዘበኛው ያገላግላቸዋል። ዩኒት ሊደሩ ፊት ይቀርባሉ። “ማን ጀመረ?” ይባላሉ። ሁለቱም “እሱ ነው” ይላሉ። ከዚያ ሁላችንም ተማሪ ሆነን የሰማናት ትእዛዝ ትመጣለች፦ ወላጅ አምጣ! ጉዳዩ በዚህ ይዘጋል።

ልጅ ንዴቱን መቆጣጠር፣ ሌላውን መስማት፣ ያጠፋውን መካስ የሚማረው ግን በዚያች ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ልጆች ስሜትና ስለ አብሮ መኖር ማስተማር ከፈለጉ ከዚያች ሰዓት ይጀምሩ እላለሁ። አዲስ መጽሐፍ እስኪታተም መጠበቅ የለባቸውም።

እኛ ጅማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከዙሪያችን ወረዳዎች፣ ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። በ15 እና በ16 ዓመታቸው ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ወላጅ ከየት ያምጣ? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አባትና እናት ቡና ለቀማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ወይ ከክፍል ይቀራል፣ ወይ አንድ ትልቅ ሰው ለምኖ፣ አንዳንዴም ከፍሎ፣ “አጎቴ ነው” ብሎ ይዞ ይመጣል። ሰውየው ቢሮ ገብቶ ልጁን ይቆጣዋል። ይፈርማል። ይሄዳል። ይህን የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም። ልጁ ከዚህ ሁሉ የተማረው መዋሸት ነው። የተጣላው ልጅ አሁንም እዚያው ዴስክ ላይ ነው፤ ኩርፊያውም እንዳለ ነው።

ዱላውም ገና አልቀረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ጎማና አለንጋ ግን አሁንም ክፍል ውስጥ ይታያል። በዱላ ዝም የተባለ ልጅ ንዴቱን መያዝ አልተማረም። ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ነው የተማረው። ነገ ከእሱ የሚያንሰውን ይፈልጋል።

“አሁን እኮ ግብረ ገብ ተመልሷል” ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለአንደኛ ደረጃ ልጆች መልሷል። በመመለሱም ደስ ብሎኛል። የምሰጋው ስለ አሰጣጡ ነው። ልጁ “ትዕግሥት ማለት…” ብሎ ትርጉሙን ይሸመድዳል፣ ፈተናው ላይ ከአሥር አሥር ያገኛል፣ ደወል ሲደወል ውኃ ቧንቧው ጋ ተጋፍቶ ይማታል። ትዕግሥት በቃል ጥናት አይያዝም። እዚያው ቧንቧው ጋ፣ ተራ ሲጠበቅ ነው የሚለመደው።

አንዲት የማውቃት የስድስተኛ ክፍል መምህርት የምታደርገውን ልንገራችሁ። ሁለት ተማሪዎቿ ተጣሉ። አንደኛው የሌላውን የሳይንስ ደብተር ዝናብ ላይ ወርውሮበት ነበር። ጥግ ወስዳ አስቀመጠቻቸው። “መጀመሪያ እሱ ይናገራል፤ አንተ አታቋርጥም። ሲጨርስ ያለውን መልሰህ ትነግረኛለህ” አለችው። ልጁ የሰማውን ሲደግም አሳጠረው። ደብተሩ የተበላሸበት ልጅ “እንደሱ አላልኩም” አለ፤ እንደገና ተናገረ። ሁለተኛው እንደገና ደገመ። “አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት” እስኪል ድረስ ቀጠሉ። ከዚያ ተራው ተቀየረ። ለካ ወርዋሪውም በእናቱ ሥራ ሲሰደብ ሰንብቷል። በመጨረሻ “ምን ቢደረግ ይሻላል?” ብላ ጠየቀቻቸው። ባለደብተሩ ኖቱ እንዲገለበጥለት ፈለገ። ተሳዳቢው እሱ ነበርና እሱም በሰደበው ልጅ ጓደኞች ፊት ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማማ። ሁለቱም የተባባሉትን ፈጸሙ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግማሽ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም።

ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን የሚያደርጉት ነው። በጃርሱማም ሆነ በሌላው ሽምግልና አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ጥፋት ይለያል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። አያቶቻቸው የሚያውቁትን ልጆቹ በትምህርት ቤት ቢለማመዱት ምን ይጎድላል? በተለይ ጅማ ላይ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ ይማራል፤ እቤት ደግሞ ዳውርኛ ወይም የምኛ የሚናገርም አለ። ኳስ የሚጫወቱት ግን አንድ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ መደማመጥ የለመዱ ልጆች ናቸው ነገ ጎረቤት የሚሆኑት።

ብዙ ወላጆች የሚያነሱት ሥጋት ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። “ሒሳብና ፊዚክስ ሲያቅታቸው ስለ ስሜት ልታስተምሩ ነው?” የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2011 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ለተማሪዎች ስሜትን መያዝንና አብሮ መኖርን የሚያስተምሩ 213 ፕሮግራሞችን መርምሯል፤ ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩበት። ፕሮግራሙን ያገኙት ልጆች በትምህርት ውጤታቸው ካላገኙት በ11 የፐርሰንታይል ነጥብ (ከመቶ ተማሪ መካከል በሚያዝ ደረጃ) በልጠው ተገኙ። አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ናቸውና ቁጥሩን እንዳለ እዚህ አምጥቼ አልለጥፈውም። ምክንያቱን ግን ማንም መምህር ያውቀዋል፦ የተናደደና የፈራ ልጅ ጥቁር ሰሌዳውን እያየ አያየውም።

መምህሩ ላይ ሁሉንም መጫን ደግሞ ግፍ ነው። 60 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ይዞ፣ በማይበቃ ደመወዝ፣ የራሱን ብሶት የሚሰማው ሳያገኝ የሌላውን ስማ ይባላል። ሥልጠናውም፣ ጊዜውም፣ “አንተስ እንዴት ነህ?” የሚለውም ከእሱ መጀመር አለበት።

መምህር ሐኪምም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶው የሚጀምረው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ነው። በድንገት ዝም ያለውን፣ ምሳውን የማይበላውን፣ ሁልጊዜ ኋላ ወንበር የሚተኛውን ልጅ ቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። አይቶ ወደ ማን ይላከው? ጅማ በዚህ ዕድለኛ ናት። ዩኒቨርሲቲያችን ሳይኮሎጂም ሳይካትሪም ያስተምራል፣ ተማሪዎቹንም ማኅበረሰቡ ውስጥ እያሠራ በማስተማር የታወቀ ነው። ወደ ቀበሌ እንደሚልካቸው ሁሉ፣ የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን ከአስተማሪያቸው ጋር በሳምንት አንድ ቀን ወደየትምህርት ቤቱ ቢልክ ቢያንስ የሚያማክር ሰው ይገኛል።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ከመነጋገራችን በፊት ርዕሰ መምህሩን እንጠይቅ፦ አምና ስንት “ወላጅ አምጣ” ተጻፈ? ከተጻፈላቸው ልጆች ስንቶቹ ታረቁ? ስንቶቹስ ሳይመለሱ ቀሩ?