ግራፍ ከመሬት ቢጀመር

ስለ ግራፍ አነባበብ በጻፉት ጽሑፍ ጎልማሶች ግራፍ ማንበብ መማር አለባቸው ማለትዎ ልክ ነው። ግን «መጀመሪያ የዘንጎቹን (የአግድሙንና የሽቅቡን መስመር) ስም ያጥኑ» በሚለው አልስማማም። ትልቅ ሰው የሚነቃው የራሱን ኑሮ ሲያይበት ነው።

በጎልማሶች ትምህርት አመቻችነት ሠርቻለሁ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ፣ በባንግላዴሽና በኤልሳልቫዶር የተሞከረው ሪፍሌክት የተባለ ዘዴ ደብተር ሳይነካ መሬት ላይ ይጀምራል። እኛም እንደዚያው እናደርግ ነበር። ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ድንጋይ በአንድ መስመር እንደረድራለን። ከዚያ የየወሩን ዝናብ ከድንጋዩ ሽቅብ በምንደረድረው ባቄላ እናሳያለን፤ ዝናቡ ሲበዛ ባቄላውም ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባቄላው ሽቅብ ይረዝማል፣ ታኅሣሥ ላይ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከጎኑ የጤፍ ዋጋ በሽምብራ ሲገባ ክርክሩ ይጦፋል። «ኧረ ሰኔ ላይ እንዲህ አይረክስም!» የሚል አይጠፋም።

ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ባቄላውን አራርቆ፣ ሌላው አጠጋግቶ ከደረደረ፣ ሦስቱ ከአምስቱ በልጦ ይታያል። «ልክ አይደለም፣ እኩል አራርቁት» የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ስለ መለኪያ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። ወደ ወረቀት ሲዛወር አንድ ባቄላ አንድ ካሬ ይሆናል፣ አለቀ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቶች ጤና ጣቢያ የሚያዩት የሕፃናት እድገት መከታተያ ካርድም ግራፍ ነው። አግድም ዕድሜ፣ ሽቅብ ክብደት። መስመሩ ጋደም ካለ ልጁ ክብደት አልጨመረም ማለት ነው። እባክዎ በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ስለዚህ ካርድ አነባበብ ይጻፉልን።