የድራም ማሽን ባትሪ ላይ ትንሽ እርማት

ወንድሜ፣ የድሮ ድራም ማሽን (የከበሮ ሪትም የሚሠራ መሣሪያ) የሠራኸውን ሪትም የሚያቆይለት የሚሞሪ ባትሪው ሲሞት ቻርጅ የሚደረገውን ክብ ባትሪ ኤልአይአር2032 ብታስገባበት ዕድሜ ልክ አይነካም ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ለገጣፎም ሰው እየተቀባበለው ነው። ለሲአር2032 (ቻርጅ ለማይደረገው ተራ ክብ ባትሪ) የተሠራ ማሽን ባትሪውን ቻርጅ አያደርግም፤ እንዲያውም ከፓወሩ ኤሌክትሪክ እንዳይገባበት አብዛኛውን ጊዜ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ይከለክለዋል። ስለዚህ ያለህ የመጀመሪያው ቻርጅ ብቻ ነው፣ እሱም 40 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ። ተራው ሲአር ግን 220 ገደማ ይይዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ኤልአይአሩ ቶሎ ያልቅና የሠራኸው ሪትም ሁሉ ድራሹ ይጠፋል (የፋብሪካው ድምፆች ሮም ላይ፣ ማለትም ባትሪ በማይፈልግ ቋሚ ሚሞሪ ላይ ስለሆኑ አይነኩም)። ለማረጋገጥ የወጣው ባትሪ ላይ፣ ፕላስ ባለበት ፊት የተጻፈውን አንብብ። ሲአር ካለ ሲአር ነው የሚገባው። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ኤልአይአር ደግሞ በቴስተር ለካው፣ ወደ 4.2 ቮልት ያሳይሃል፤ ማሽኑ የሚጠብቀው 3 ነው።