የሎሬልና ሃርዲ ቀልድ የማን ሥራ ነው?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ የቀጭኑ ስታን ሎሬልና የወፍራሙ ኦሊቨር ሃርዲ ፊልሞች እውነተኛ ፈጣሪ ስታን ነው።

ደጋፊ፦ ፊልሞቹ ላይ የተጻፈው የሌላ ዳይሬክተር ስም ነው። ፊልሞቹ በተሠሩበት በሃል ሮች ስቱዲዮ ግን የመጨረሻው ቃል የስታን ነበር። ከቀልድ ጸሐፊዎቹ ጋር ይቀመጣል፣ ከቀረጻ በኋላም ኤዲቲንግ ክፍል ይገባል። ፊልሙ መጀመሪያ ለሙከራ ለተመልካች ይታያል። ሳቁ የት እንደረዘመ ታይቶ፣ ቀጣዩ ንግግር በሳቅ እንዳይዋጥ ቅንብሩ ይስተካከላል። ሃርዲ የተነገረውን ተጫውቶ ጎልፉን ሊጫወት ይሄዳል።

ተቃዋሚ፦ «የተነገረውን ተጫውቶ» የምትለዋ አንጀቴን አቃጠለችው። ስታን አንድ ነገር ያበላሻል። ሃርዲ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ይዞርና በካሜራው ውስጥ እኛን ትክ ብሎ ያየናል። ሳቁ የሚፈነዳው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለው እይታ በትእዛዝ ይመጣል? ደግሞስ በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱን በማጣመር ስሙ የሚነሳው ዳይሬክተሩ ሊዮ መካሪ የት ገባ?

ደጋፊ፦ እይታው የሃርዲ ነው፣ አልካድኩም። ስንት ሰከንድ ይቆይ የሚለው ግን ኤዲቲንግ ላይ ነው የሚወሰነው። በ1932 ወጥቶ ኦስካር ያገኘውን የፒያኖ ፊልም ይዩ። ሁለቱ ፒያኖ ተሸክመው ረጅም ደረጃ ይወጣሉ። ፖስተኛው በጀርባ በኩል የጋሪ መንገድ እንዳለ ሲነግራቸው ፒያኖውን መልሰው ያወርዱታል! ይህ በደንብ ታስቦበት የተሠራ ነው። ሃርዲ ራሱ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሰዎችን ወደ ስታን ይመራ ነበር።

ተቃዋሚ፦ የሰውየውን ትሕትና መልሰው በራሱ ላይ ምስክር አደረጉት፤ ያሳዝናል። ጎልፍ መውደዱስ ምን ነውር አለው? ሃርዲ ከ1914 ጀምሮ ፊልም ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ያንን ደረጃ ሲወጣ የምናየው ላብ፣ ያ የተበደለ ኩራት፣ የክራቫቱን ጫፍ በጣቶቹ ማርገብገቡ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ደጋፊ፦ ጎልፉን ይተዉልኝና ይህን ይመልሱ። በ1941 ፎክስ ስቱዲዮ ሲገቡ ስታን በድርሰቱም በኤዲቲንጉም ላይ ሥልጣን አጣ። ፊልሞቹም ወረዱ። ሃርዲ እኮ እዚያው ነበር! ክራቫቱም፣ እይታውም አብረውት ነበሩ።

ተቃዋሚ፦ እኔ የማውቀው ሃርዲ በ1957 መሞቱን ነው። ስታን እስከ 1965 ኖረ፤ ከሃርዲ ሞት በኋላ ግን አንድም ቀን መድረክ ላይ አልወጣም። ለሁለታቸው የሚሆን ቀልድ ግን መጻፉን አላቆመም። ብቻውን ፈጣሪ ከነበረ ለምን ሌላ ሰው አልፈለገም?

ደጋፊ፦ አሁን ጭብጡን ቀየሩት። የጠየቅነው ማን ፈጠረ ነው እንጂ ማን ያለ ማን መኖር ይችላል አይደለም። ወዳጁን ያጣ ሰው ሐዘን ለክርክር ማሸነፊያ ሲውል ማየት ከብዶኛል። የፎክሱን ጥያቄዬንም ዘለሉት። ይጽፍ ነበር ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው።