«ለወደፊት ይታይ»

የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ ይልቁንም በቁስቋም ዳገት ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ተጋጥመን የምንኖር ጎረቤቶቼ፣ የእማሆይ አርባ እስኪወጣ ድረስ ዝም ልል አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። በየደረስንበት «ጊዜያቸው ደርሶ ነው» እየተባባልን ስንጽናና እሰማለሁ። ጊዜያቸው አልደረሰም ነበር፤ በእኛ ቸልታ ነው የሞቱት። ይህን ለመናገር ከእኔ የቀረበ ምስክር የለም፤ የእድራችን ጸሐፊ ነኝና ውሳኔውን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ በዚያች እሑድም በራቸውን ገፍቼ የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከነሐሴው ስብሰባ ነው። በሰፈራችን ያደገ፣ በአምቡላንስ ላይ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ፣ በዛሬ አጠራር ፓራሜዲክ የሚባል ወጣት አለን። ከተረኝነቱ በሚያርፍበት ቀን በየቤቱ እየዞረ አዛውንቱን ሊጠይቅ፣ ግፊትና ስኳር ሊለካ፣ የሚውጡትን መድኃኒት ሊመለከት፣ የከበደ ነገር ሲገጥመውም ለአንድ ሐኪም ደውሎ ሊያማክር ፈቃደኛ መሆኑን ነገረን። ሐኪሙም ስልክ ሊያነሣለት ተስማምቶ ነበር። ከእድሩ የጠየቀው የግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያና የደም ጠብታ የሚነካበት ስትሪፕ መግዣ ብቻ ነው። የመለስንለትን ታስታውሳላችሁ። አንዱ «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» አለው። ሌላው «ደኅና ሐኪም ቢሆን ቤት ለቤት ይዞር ነበር?» አለ፤ ልጁ ፊት ለፊት ቆሞ እየሰማ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ዝም አልሁ፤ ቀጥሎም በቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሳቡ መልካም ስለሆነ ለወደፊት ይታይ ተብሎ ታልፏል» ብዬ ጻፍሁ። ቀጣዩ አጀንዳ የድንኳኑ ጥገና ነበር፤ እሱ ያለ ክርክር ጸደቀ።

ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም መሆኑን እማሆይ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ከመመንኮሳቸውም በፊት አስታጉለውት አያውቁም። በጥቅምት መጨረሻ በዋለችው ሰንበት ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው አድረው፣ አስቀድሰው፣ ረፋድ ላይ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ቤታቸው ገብተው የስኳር ክኒናቸውን ዋጡና እህል ሳይቀምሱ ጋደም አሉ። ክኒኗ ግሊቤንክላማይድ ትባላለች፤ ሰው በላም አልበላም ስኳሩን ማውረዷን አትተውም፤ ኩላሊቱ በደከመ ሽማግሌ ሰውነት ውስጥም ቶሎ አትወጣም። ይህን ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ ሽሮ ይዛላቸው ስትገባ ግንባራቸው በላብ ተጠምቆ፣ ነጠላቸው ከአንገታቸው ሥር ርሶ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አገኘቻቸው። ብታናግራቸው በሟች እህታቸው ስም ጠሯት። ደንግጣ ጠራችኝ፤ ገብቼ አየኋቸው። «ሌሊቱን ቆመው ነው ያደሩት፤ ድካም ነው፤ አትቀስቅሻቸው» አልኋት። ጋቢ ደረብሁላቸው፤ ብርሃኑ እንዳይረብሻቸውም በሩን ገፋ አድርጌ ወጣሁ። በዚያች ሰዓት ገና መዋጥ ይችሉ ነበር፤ በስኳር የተበጠበጠ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሕይወታቸውን ሊያተርፍ ይችል ነበር። ስኳሩ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቢጠሯቸው አልመለሱም። ያ ወጣት ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው። ቦርሳውን አንግቶ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ከጣታቸው አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ መለኪያው ላይ ሲያደርጋት፣ ወዲያው 27 የሚል ቁጥር አሳየ፤ ከ70 ከወረደ አደጋ ነው። መለኪያው እኛ የነፈግነው መለኪያ ነው፤ ከደመወዙ ገዝቶት ኖሯል። በስልክ መብራት የደም ሥራቸውን ፈልጎ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። አምቡላንስ እስከ ቤታቸው ስለማይወጣ በቃሬዛ ተሸክመን ወደ አስፋልቱ አወረድናቸው። አንጎላቸው ለሰዓታት ያለ ስኳር ቆይቷልና አልተመለሱልንም። በዘጠነኛው ቀን፣ የቁስቋም ማርያም በዓል አራት ቀን ሲቀረው አረፉ።

ከዚያ በኋላ እኛን ማን ያህለናል? ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባው ተነፋ፤ ያ የተጠገነው ድንኳን ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ንፍሮው ተቀቀለ። ቁልፍ ያዡ አልዘገየም፤ ሴቶቹም አልተጓደሉም። እንዲህ መቻላችንን ሳይ ነው የተቃጠልሁት። ለእኒህ ሴት ሬሳ በአንድ ሰዓት የተሰበሰበው ሰው፣ በሕይወት ሳሉ በወር አንድ ቀን በራቸውን የሚያንኳኳ አንድ ልጅ በዛባቸው ብሎ ነበር። ወገኖቼ፣ ይህ ድህነት አይደለም፤ ገንዘቡ ነበረን።

ልጁ በየቤቱ ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነበር ሊሠራልን የፈለገው። የእማሆይን የመድኃኒት ከረጢት ቢከፍት፣ ቢጾሙ ክኒኗን እንዴት እንደሚያደርጓት ሐኪሙን በስልክ ጠይቆ ይነግራቸው ነበር፤ ለእኔም ላብና መንቀጥቀጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስተምረኝ ነበር። ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን የምንቀርብ ሰዎች ከነጾማችን፣ ከነምድጃችን፣ ከነዳገታችን አንታይም፤ ቤት የሚመጣ ባለሙያ ግን ማሰሮው ባዶ መሆኑን፣ ሁለት ዓይነት ክኒን በአንድ ከረጢት መቀላቀሉን፣ ሽማግሌው የሚወድቁባትን የተሰበረች ደረጃ ያያል። ቁስል ያጥባል፤ መሄድ ያለበትን በጊዜ ይልካል፤ መሄድ የሌለበትን በቤቱ አክሞ ያስቀራል፤ በዚህም ድንገተኛ ክፍሉ በእውነት ለተቸገረው ይተርፋል። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ፣ ሎንግና ብራየር በሚባሉ ሐኪም በሌለባቸው ደሴቶች፣ ፓራሜዲኮች ከነርስና በርቀት ካለ ሐኪም ጋር ሆነው ሕዝቡን በዚህ መንገድ ሲያክሙ ቆይተዋል። እኛ ሐኪም በስልክ የፈቀደልንን ነው «ለወደፊት» ያልነው።

ደግሞ ይህን በጎንደር ማድረጋችን ይበልጥ ያሳፍረኛል። በደምቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በከተማችን የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ እንዲወጡ ያደረገ ቤት ነው። ሕክምና በሽተኛውን ተቀምጦ የሚጠብቅ ብቻ ሳይሆን ወደ ደጁ የሚሄድ መሆኑን ለአገር ያስተማረች ከተማ ልጆች ነን። ደጃችን ሲደርስ ግን እንንቀዋለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ እኅቶቻችንንም በር ላይ አቁመን «ዛሬ አይመቸንም» እያልን መልሰናቸዋል፤ የእኔም ቤት አንድ ጊዜ መልሷቸዋል።

ቃለ ጉባኤውን ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ጊዜ ገልጬ አንብቤዋለሁ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ አንድም የተሰረዘ ቃል የለበትም። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን ባነሣ ኖሮ ሦስት አራት ሰው ይከተለኝ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ከመካከላችሁ ማንንም ከራሴ አስቀድሜ አልከስስም፤ ግን ብቻዬን ተሸክሜው ልቀርም አልችልም።

የዚህ ወር ስብሰባ በመጪው እሑድ ነው። የልጁን ጥያቄ የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጌ ጽፌዋለሁ። እንደምትመጡ እርግጠኛ አይደለሁም፤ መጥታችሁም ስለ ድንኳኑ ልታወሩ ትችሉ ይሆናል። እሱ ግን መዞሩን አልተወም። ትናንት ማታ በበሬ ሲያልፍ ቆመና «ጋሼ፣ የእርስዎስ ግፊት ከተለካ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለኝ። ልመልስለት አልቻልሁም፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁለት።