የቀይ ዳማ ፋብሪካ

ጥር አልፎ አልበም የሚታደልበት ሰሞን ነውና፣ ለሰርግ ፎቶ አንሺዎቻችን የሚገባቸውን ምስጋና ሳናጓድል እናድርስ። ጠይም ሆና የተወለደችን ልጅ፣ በሁለት ጠይም ወላጆቿ መሃል አቁሞ፣ በአንድ ስላይደር (ግራ ቀኝ በሚጎተት መቆጣጠሪያ) ቀይ ዳማ የሚያደርግ ባለሙያ በሕክምናውም በጥንቆላውም አልታየም። ደግሞም ባሉበት የሚቆሙ ሰዎች አይደሉም፤ በየዓመቱ ይሻሻላሉ። አምና ሰማንያ ላይ ያቆሙት የነበረውን ስላይደር ዘንድሮ መቶ አድርሰውታል።

አሠራሩ ለማያውቅ ሰው ተአምር ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ቀለማት ለየብቻ የሚስተካከሉበት ሰሌዳ ተከፍቶ ብርቱካናማው ይመረጣል፤ የአብዛኞቻችን ቆዳ በዋናነት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ብርሃኑን ወደ ላይ መቶ፣ ድምቀቱን ወደ ታች አርባ፤ አለቀ። ችግሩ ይህ ሰሌዳ ቆዳ የሚባል ነገር አለማወቁ ነው፤ የሚያውቀው ቀለም ብቻ ነው። እናም የአንገቷ ወርቅ ይነጣል፣ ከንፈሯ ይገረጣል፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ዶሮ ወጥ አልጫ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያስተዋሉ ጠንቃቆች ፊቱን ብቻ በማስክ ከልለው ያነጡታል። ያኔ ወጡ ከነበርበሬው ይተርፋል፤ ፊትና አንገት ግን የሁለት ሰው ይሆናሉ፤ አማትም ቀለበት የተጠለቀባት እጅ የማን እንደሆነች መጠየቃቸው አይቀርም።

ጥበቡ ታሪክ አለው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ «ሸርሊ» የሚባል የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ማሽኑ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ስለነበር ጥቁር ሰው ፎቶው ላይ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የምርታችን መልክ በፎቶ አልለይ አለ» ብለው ካማረሩ በኋላ ፊልሙ እየተሻሻለ መጣ (ለሰው ያልታዘነውን ያህል ለቁም ሳጥን ታዘነ)። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው የተነሱበት ካርድ ወጣ። ኮዳክ ተጸጽቶ ከተመለሰበት መንገድ ላይ የእኛ አርቲስቶች ዛሬም በጽናት እየተጓዙ ናቸው፤ ያውም አስገዳጅ ሳይኖርባቸው፣ በገዛ ወገናቸው ፊት ላይ።

አንዳንድ ሰነፎች ግን ነገሩን ገና ካሜራው ላይ ሊጨርሱት ይሞክራሉ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያስበው። ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ክፈፉን ሲሞላው «እጅግ በራ» ብሎ ያጨልማል፤ ቀሚሱ አመድማ፣ የሙሽሪት ፊት ደግሞ ጨለማ ይሆናል። ሰነፉ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከአንድ እስከ አንድ ከሲሶ ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ጨምሮ ይከፍታል። ሂስቶግራሙን (ከጥቁር ግራ እስከ ነጭ ቀኝ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) አይቶ የቀሚሱ ነጭ ቀኝ ግድግዳው ላይ እንዳልተለጠፈ ያረጋግጣል። ፊቷ ብርሃን ካልበቃው መጋለጡን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) እንደገና ከመጨመር ይልቅ ነጭ ሪፍሌክተር ለረዳቱ አስይዞ ብርሃኑን ወደ ፊቷ ይመልሳል። ጠይም ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በወዙ ላይ በሚያርፍ ብልጭታ ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ሲያገኝ ጉንጩም ግንባሩም ራሱን ያወጣል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ኤዲት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አምስት ደቂቃ! እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን በምን ሊያሳልፈው ነው?

አርቲስታችን ግን ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አጠናቅቆ ያመቀውን ፋይል) ያነሳሉ። ራው (ካሜራው ያየውን ሳይነካካ የሚይዝ) ፋይል ሃርድ ዲስክ ይሞላል፣ ለመክፈትም ይቆያል፣ እሳቸው ደግሞ የቸኮሉ ሰው ናቸው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ 14 ቢት ራው 16,384 አለው። ልዩነቱ የሚታየው የጨለመውን ፊት ወደ ላይ ሲጎትቱት ነው፤ ራው ይለጠጣል፣ ጄፔግ ይሰነጠቃል፣ ጉንጭ ላይ እንደ ካርታ መስመር የሚታይ የቀለም ደረጃ ይሠራል። ቀሚሱ ደግሞ 255 (የመጨረሻው ነጭ) ላይ ደርሶ ከተቃጠለ የጥበቡ ክር የትም አይገኝም። ሸማኔ በእጁ እየቆጠረ ያስገባውን ጥለት ሻተሩ (የካሜራው መዝጊያ) በ1/125 ሰከንድ ይጠርገዋል።

የለስላሳ ቆዳን ነገር በዝርዝር ማወደስ ይገባል፤ የፋብሪካው ዋና ምርት እሱ ነውና። ክላሪቲ (ጥርት ማድረጊያው) ከዜሮ በታች መቶ፣ ቴክስቸር (ሸካራነቱ) ከዜሮ በታች መቶ፣ በዚያ ላይ ኖይዝ (የምስል ነጠብጣብ) መቀነሻው ሰማንያ። የሚወጣው ፊት የተላጠ እንቁላል ነው። ቀዳዳ የለ፣ ጸጉር የለ፣ የሳቅ መስመር የለ፤ ሙሽሪት ስቃ ነበር ወይስ አልቅሳ፣ አልበሙን የሚያይ ሰው ከሚዜዎቹ ፊት ይገምት። እሱም የሚዜዎቹ ፊት ከተረፈ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ «ማርያም የሳመችኝ» እያለች የምታሳየው ጠቃጠቆ ሂሊንግ ብራሽ በሚባለው ጉድለት መሸፈኛ አንድ ጠቅታ ይሄዳል። የሰማንያ ዓመቷ አያት የአንገት ንቅሳት ደግሞ ለአውቶማቲኩ ቆዳ ማጽጃ ቆሻሻ ነው። ዘመን ያላጠፋውን ሰማያዊ መስመር ፕሮግራሙ ሦስት ሰከንድ ውስጥ ያጠፋዋል፤ አያትየዋም የልጅ ልጃቸው ታናሽ እህት ሆነው ከሙሽራው ጎን ይቆማሉ።

ከመላጨት ይልቅ መከርከም የሚወዱ ሰዎች የሚሄዱበት አሰልቺ መንገድ አለ፤ ለማስጠንቀቂያ ያህል ይገለጽ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚጠፋውን ያጠፋሉ፣ የማይጠፋውን ይተዋሉ። ብጉር ይሄዳል፤ ጠባሳ፣ ንቅሳትና ማርያም የሳመችው ይቀራል። ከዚያ ፎቶሾፕ ላይ ምስሉን ሁለት ጊዜ ያባዙታል። የታችኛውን ቅጂ የቆዳው ቀዳዳ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ በጋውሲያን ብለር ያደበዝዙታል። የላይኛው ላይ አፕላይ ኢሜጅ የሚባለውን ትእዛዝ ከፍተው የታችኛውን ይመርጣሉ፤ ባለ 16 ቢት ፋይል ከሆነ ኢንቨርት ምልክት ተደርጎበት፣ አድ፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 0፤ ባለ 8 ቢት ከሆነ ያለ ኢንቨርት ሰብትራክት፣ ስኬል 2፣ ኦፍሴት 128። የላይኛውን ሌየር (ንብርብር) አቀላቀል ሊኒየር ላይት ሲያደርጉት ምስሉ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይመስላል፤ ካልመሰለ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው። አሁን ቀለምና ጥላው ከታች፣ የቆዳው ሸካራነት ከላይ ተለያይተዋል። የተዥጎረጎረውን ጉንጭ ከታች ላሶ በሚባለው መምረጫ እየከበቡ በጥቂቱ ማደብዘዝ ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ ከላይ ስላሉ አይነኩም። መጀመሪያ ላይ የብለሩ መጠን ከበዛ ግን ጥላውም አብሮ ወደ ላይኛው ሌየር ይወጣና ከታች የሚደረገው ማስተካከል ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የቀረውን የዓይን ስር ጥላ በግማሽ ግራጫ በተሞላ፣ ሶፍት ላይት በሆነ ሌየር ላይ፣ ፍሰቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ በሆነ ብሩሽ ቀስ እያሉ ያነሱታል። ለአንድ ፊት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አርቲስታችን በግማሽ ሰዓት ሙሉውን ሰርግ ያነጣሉ።

እንዴት ቢሉ፣ ፕሪሴት አላቸው፤ ከቴሌግራም ቻናል በነፃ የወረደ፣ ቁጥሩ የማይታወቅ። ፕሪሴት ማለት ሌላ ሰው፣ በሌላ ካሜራ፣ በሌላ አገር ብርሃን ስር ያስቀመጣቸው የስላይደር ቁጥሮች ናቸው። የሰሜን አውሮፓን ደመናማ ሰማይ ለማሞቅ የተሠራው ቁጥር የአዲስ አበባ ቀትር ላይ ሲጫን ምን እንደሚሆን ለማየት የመስከረም ፎቶዎችን መግለጥ ይበቃል፤ አደይ አበባ ብርቱካን ሆኗል፣ ሣሩ በልግ እንደጠፋበት ቆላ ደርቋል። ጥምቀት ላይ የካህናቱ ጃንጥላ አረንጓዴው ቡናማ ሆኗል። ፕሪሴቱ ሲቀመጥ የነጭ ሚዛንና የመጋለጥ ምልክቶቹን አንስቶ፣ የእያንዳንዱን ቦታ የመጀመሪያ ፎቶ በግራጫ ካርድ አስተካክሎ፣ በዚያው ብርሃን ለተነሱት ብቻ ማዳረስ ይቻል ነበር። ይቻል ነበር እንጂ፣ ከዚያ የሰርጉ ፎቶዎች የዚያ ሰርግ ብቻ ይመስሉ ነበር።

አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ድግስ አለ። ጣሪያው ላይ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ የሆነ ቢጫ አምፖል፣ ከመስኮቱ የቀን ብርሃን፣ ከመድረኩ ወይን ጠጅ ኤልኢዲ፣ ከካሜራው 5,500 ኬልቪን የሆነ ፍላሽ። ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ፕላስቲክ) አልብሶ ካሜራውን 3,200 ላይ ማድረግ ፊቱንና ከኋላ ያለውን ያስታርቃል፤ ጄሉም ውድ አይደለም። ግን ኪስ ውስጥ ይጨማደዳል ተብሎ ተትቷል። ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 50 ዑደት ስላለው ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በኤሌክትሮኒክ ሻተር በ1/500 የተነሳ ሙሽራ ሱፉ ላይ ጥቁር ሸንተረር ያሰልፋል። 1/50 ወይም 1/100 ቢሆን አብዛኛው ይጠፋል። አርቲስታችን ግን ለሸንተረሩ ስም አውጥተውለታል፤ «ሲኒማቲክ» ይሉታል።

ሌንሱንም ሳናመሰግን አንለፍ። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.4 (የሌንሱ ቀዳዳ እጅግ ሰፍቶ)፣ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ፣ በ2 ሜትር ርቀት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። ሙሽሪት ግማሽ እርምጃ ቀድማ ከቆመች ሙሽራው በገዛ ሰርጉ ጭጋግ ነው። ለስድስት ሚዜ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ያስፈልጋል፤ ሌንሱ ግን በውድ የተገዛው ለ1.4 ነውና እንዴት ይባክናል።

የፀሐይ ነገር። በጥር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሃያ አምስት ገደማ ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። የአጀብ መኪኖች መንገድ ተዘግቶባቸው ፕሮግራሙ ተዘበራርቆ ሙሽሮቹ ፓርኩ የሚደርሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ የዓይናቸው ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል። ዛፍ ወይም ግድግዳ ጥላ ጫፍ ላይ ማቆም፣ አለዚያም ፀሐይን ከኋላ አድርጎ ፍላሹን ከአካባቢው ብርሃን አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጎ መሙላት ይቻል ነበር። ፎቶሾፕ ግን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰማይ ይቀይራል። ስለዚህ ከኋላቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ይታያል፤ አፍንጫቸው ስር ያለው ጥላ ደግሞ ሰባት ሰዓት ነው ብሎ ይመሰክራል። ያቺው ፀሐይ፣ ያው ደመና፣ ባለፈው ሳምንት ከተጋቡት ጥንዶች ኋላም ጠልቃለች።

ሕትመቱ ጨልሞ ሲመጣ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ነው፤ ይህ ሳይባል የሚታወቅ ነው። ላፕቶፕ ብርሃኑ እስከ ጥግ ተከፍቶ በጨለማ ክፍል ኤዲት የተደረገ ፎቶ ወረቀት ላይ መጨለሙ አይቀርም፤ ስክሪኑን በካሬ ሜትር ወደ 100 ወይም 120 ካንዴላ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ዝቅ አድርጎ 6,500 ኬልቪን ላይ መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ደግሞ ፋይሉ ለማተሚያ ቤት የሚላከው በቴሌግራም፣ «ፎቶ» ተብሎ ነው። ረጅሙ ጎን 1,280 ፒክስል ሆኖ የደረሰ ምስል 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በኢንች 81 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ለ300 የሚያስፈልገው 3,543 በ4,724 ነበር። «ፋይል» የሚለውን መርጦ መላክ አንድ ጠቅታ ይጨምራል፤ አርቲስት ደግሞ ጠቅታውን ለቆዳ ይቆጥባል።

ስለዚህ ሁሉ የሚነቅፏቸው ሰዎች የሚሰጡት ምክር ያስቃል። አንድ ወር ሙሉ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ አንሳ ይላሉ። አንድ ሰው መስኮት አጠገብ አስቀምጠህ በየ45 ዲግሪው እያዞርክ ጥላው የት እንደሚወድቅ እይ ይላሉ። የዛሬ ስድስት ወር ኤዲት ያደረግኸውን ራው ከዜሮ ክፈትና እንደገና ሥራው፣ ሁለቱን አትመህ ጎን ለጎን ስቀል ይላሉ። ፎቶ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህን እይ ይላሉ፤ ደማቁን ቀይና ሰማያዊ በተነሺው ፊት ላይ በቀለም የምታስቀባው ሻተሩ ከመጫኑ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተች ሴት እንዲህ ስትደክም ማየት ያሳዝናል። አርቲስታችን ሲሻሻሉ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብለው አዲስ ካሜራ በዱቤ ይወስዳሉ፤ ከዚያ አሮጌውን ፕሪሴት ይጭኑበታል።

የሰርግ ወቅት ሲያልፍ የዲቪ ሰሞን ይመጣል፤ ፋብሪካውም አይዘጋም። የአሜሪካ መንግሥት መመሪያ ግልጽ ነው፤ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሳ፣ ጀርባው ነጭ፣ መልክን የሚቀይር ኤዲት ያልነካው። አርቲስታችን ከአምስቱ አራቱን ያለ እንከን ያሟላሉ። አመልካቹ ቀይ ዳማ፣ ጠባሳ አልባ፣ ጆሮው ትንሽ ጠበብ ያለ ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ ምርቃት ነው። ስሙ ሳይወጣ ሲቀር «ዕድሌ ነው» ይላል። በዓመቱም እዚያው ፎቶ ቤት በር ላይ ወረፋ ይዞ፣ «እንደ አምናው አሳምሩልኝ» ይላል።